የአማዞን ዓሣ በሐዋሳ ውሃ

ሐዋሳ ላይ ዓሣ ማለት ምሳ ነው። አሞራ ገደል ወርዶ፣ ቆሮሶ አስጠብሶ፣ በአዋዜ እየነከረ ያልበላ እንግዳ ከተማዋን አየሁ አይልም። ስለዚህ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሳሎን ያለውን ትልቅ የዓሣ መስታወትና ውስጡ ያለችውን ስቲንግሬይ የምትባል ጠፍጣፋ ዓሣ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይበላል?» ብሎ ነው። አይበላም። ቀጥሎ «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» ይመጣል። ለዚህኛው አጭር መልስ የለኝም። ወንበር አቀርብና «እስቲ ትንሽ ቁጭ ብለህ እያት» እላለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄ በዝቷል። «እኔስ ከየት ላገኝ እችላለሁ?» የሚል። ካፌ የከፈቱ አሉ፣ አዲስ ቤት የሠሩ አሉ፣ ቲክቶክ ላይ አይተው ልባቸው የተሰቀለ ወጣቶች አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። እንስሳዋን ከልቤ እወዳታለሁ። ለአብዛኞቹ ጠያቂዎች «አታምጡ» የምለውም ስለምወዳት ነው።

እኔ ጋ ያለችው ስቲንግሬይ ሞቶሮ የምትባለው ዝርያ ናት። ሙሉ ስሟ ፖታሞትሪጎን ሞቶሮ ነው። በሳይንስ የተመዘገበችው በ1841 እ.ኤ.አ. ሙለርና ሄንለ በተባሉ ጀርመናውያን ሥራ ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በአማዞን፣ በኦሪኖኮና በፓራና ወንዞች ትኖራለች። ገላዋ ክብና ጠፍጣፋ ነው። ቡናማ ጀርባዋ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ዙሪያውን በጥቁር ቀለበት ተከቧል። ስትዋኝ የገላዋ ጠርዝ፣ ነፋስ እንደነካው የነጠላ ጥለት ይርገበገባል።

የሻርክ ዘመድ ናት። አፅሟ የጆሯችንን ቅርጽ በሚይዘው ዓይነት ለስላሳ አጥንት የተሠራ ነው። ዓይኖቿ ከላይ ናቸው፤ አፏ ግን ሆዷ ስር ነው። ስለዚህ የምትጎርሰውን አታየውም። ከእያንዳንዱ ዓይን ኋላ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ አለ። አሸዋ ላይ ተኝታ ውሃ የምትስበው በእሱ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ከሆዷ በኩል ባሉት የስንጥቦቿ፣ ማለት የመተንፈሻዎቿ፣ ቀዳዳዎች ነው። አፏን መሬት ላይ አድርጋ የምትውል እንስሳ ባፏ ብትተነፍስ አሸዋ ነበር የምትውጠው።

ስትበላ ማየት ነው ዋናው። ከጓሮ የቆፈርኩትን የመሬት ትል አጥቤ ከእሷ ሁለት ስንዝር ራቅ አድርጌ እጥላለሁ። መጀመሪያ አትንቀሳቀስም። ከዓይኗ ኋላ ያለው ቀዳዳ ብቻ ቶሎ ቶሎ መከፈትና መዘጋት ይጀምራል። ሽታው ደርሷታል ማለት ነው። ከዚያ ከአሸዋው ብድግ ትላለች። ትሉን አልፋው ትሄዳለች፤ ትቆማለች፤ ትመለሳለች። ልክ ከላዩ ስትደርስ ገላዋን ትጥልበትና ጠርዟን ዙሪያውን መሬት ላይ ትለጥፋለች። ትሉ መውጫ የለውም። ጀርባዋ መሀል ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ ይታያል፣ ያኔ እያኘከች ነው። አፍንጫዋና አፏ አካባቢ የሌላ ፍጡር ጡንቻ የሚያመነጨውን እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚሰሙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏት። እነዚህን ቀዳዳዎች በ1678 እ.ኤ.አ. በዝርዝር የጻፈው ሎሬንዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። የምግቧን መጨረሻ ስንዝር የምታገኘው በዓይኗ ሳይሆን በእነሱና በሽታ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ይገርመኛል። ቅድመ አያቶቿ የባሕር ነበሩ። በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ግን ወንዙን ለመዱና የባሕሩን ኑሮ ረሱት። የባሕር ዘመዶቿ ጨዋማ ውሃን የሚቋቋሙት ደማቸው ውስጥ ዩሪያ በብዛት ይዘው ነው። እሷ ያንን ችሎታ አጥታለች። ዛሬ ባሕር ውስጥ ብትጣል ትሞታለች። ውሃዋን ይህን ያህል የመረጠች ፍጡር ናት እንግዲህ እኛ ሳሎን የምናስቀምጣት።

ወደ ውሃው እንምጣ። ውሃው ነው ነገሩ ሁሉ።

አማዞን ውስጥ ብዙ ቦታ ውሃው ለስላሳ፣ ማለት ማዕድን ያነሰበት፣ ትንሽም ወደ አሲድ ያደላ ነው። የእኛ ተቃራኒው ነው። ፒኤች የውሃ አሲድነት መለኪያ ነው፤ ከ7 በታች ወደ አሲድ፣ ከ7 በላይ ወደ ተቃራኒው ያደላል። የሐዋሳ ሐይቅ ፒኤች ከ8 በላይ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይዞ የገባው ማዕድን ውሃው በፀሐይ ሲተን እዚያው ይቀራል። የከርሰ ምድር ውሃችንም ቢሆን የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው። ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የብዙ ሰው ጥርስ ምስክር ነው። እኔ ቤት የሚደርሰውን የቧንቧ ውሃ ስለካው 8 አካባቢ ነው የሚያሳየኝ።

«8 ከ7 በምን ይለያል?» ትሉ ይሆናል። በአሞኒያ ነው የሚለየው። ዓሣ የበላችው ፕሮቲን ትርፉ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ስቲንግሬይ ደግሞ ብዙ ትበላለች፣ ብዙም ታቆሽሻለች። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው ስንጥቧን የሚያቃጥል መርዝ ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ መርዛማው መልክ 0.5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 ከመቶ ይወጣል። 9 ቢደርስ ከሲሶ በላይ ይሆናል። አንድ ዓይነት ቆሻሻ፣ አንድ ዓይነት ዓሣ፣ አንድ ዓይነት ማጣሪያ፤ ግን እኛ ቤት መርዙ አሥር እጥፍ ነው። ባንኮክ ወይም ጀርመን ያለ ሰው በቪዲዮ የሚያሳያችሁን ዝም ብላችሁ ብትገለብጡ የማይሠራው ለዚህ ነው።

አሞኒያው ደግሞ አይታይም። ውሃው ኩልል ብሎ ይታያችኋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ልክ ነው። ስቲንግሬይ የሰውነቷ ጠርዝ ወደ ላይ መጠቅለል ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ በዓይናችሁ አትመኑ፤ ለኩ። የመለኪያ ጠብታው ርካሽ አይደለም፤ ግን ከእንስሳዋ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መድኃኒቱ ባክቴሪያ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ባለው ስፖንጅና ድንጋይ ላይ አንዱ ዓይነት ሰፍሮ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትሬት የሚጎዳው በጣም ሲጠራቀም ነው፤ እሱን በውሃ ለውጥ ታወጡታላችሁ። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ሁኔታ እስኪበዙ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መስታወቱ ውሃ ይኑረው እንጂ ከዓሣ ባዶ ይሁን። ባዶ መስታወት ውስጥ በየቀኑ ጥቂት አሞኒያ እየጨመሩ መጠበቅ ለሚጣደፍ ሰው ሞት ነው፤ የሚጣደፍ ሰው ግን ለዚህች እንስሳ አይሆንም።

ውሃውን ለማለስለስ የክረምቱን ዝናብ እጠቀማለሁ። ከጣሪያ አልቀዳም። ቆርቆሮ ዚንክ አለበት፣ በተለይ አዲስ ከሆነ፤ ዚንክ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ግቢ ውስጥ ንጹሕ ላስቲክ ወጥሬ ወደ ሮቶ አወርደዋለሁ። የዝናብ ውሃ ብቻውንም አይሆንም። ምንም ማዕድን ስለሌለው ፒኤቹን የሚይዝለት ነገር የለም፤ ባንዴ ዘጭ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከቧንቧው ጋር እቀላቅለዋለሁ። የማነጣጥረው 7 ከምናምን ላይ ነው። ከቁጥሩ በላይ የሚያስፈልገው ግን አለመዋዠቁ ነው። ዛሬ 7፣ ነገ 8 ከሚሆን ሁልጊዜ 7 ተኩል ቢሆን ይሻላታል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ለእኛ ጤና ነው፣ ለእሷ ስንጥብ ግን እሳት ነው። ሮቶ ውስጥ አየር እየተነፋበት ሁለት ቀን ያድራል፤ ወይም ሶዲየም ታዮሰልፌት በልኩ ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝን ነገር ልናገር። መስታወቴ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ነው፤ ግማሽ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። አንድ ሺህ ሊትር ማለት ነው። በየሳምንቱ ሲሶ ገደማውን እቀይራለሁ። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 16 ወይም 17 ጀሪካን ያህል ይመጣል። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ነው። ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከሩቅ የምትመጣ ሴት በበሬ ስታልፍ አያታለሁ። ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን ራሴን እጠይቃለሁ። መስታወቱ የሚሞላው በክረምት ካጠራቀምኩትና ፈረቃችን ሲደርስ ከያዝኩት ነው። ሮቶው ሲያንስ ቅድሚያው የሰው ነው፤ ያን ሳምንት ምግቧን ቀንሼ የውሃ ለውጡን አሳንሳለሁ። የሚወጣው ውሃ ደግሞ አንድም ጠብታ ወደ ቦይ አይሄድም። ናይትሬት ያለው ውሃ ለተክል ማዳበሪያ ነው። ጓሮ ያለው እንሰትና አቮካዶ በእሱ ነው የሚጠጣው፤ የጎረቤቴ ጎመንም እንደዚሁ። ጓሮ የሌለው፣ ውሃ በቦቴ የሚገዛ ሰው ይህን ዓሣ ልያዝ ሲለኝ ፊቴ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

መብራትም አለ። መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ማሞቂያው ነው፤ 26 ዲግሪ የለመደች እንስሳ በሐዋሳ ሌሊት ትበርዳለች ብሎ። ስሌቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ ለመቀዝቀዝ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ማጣት አለበት። ቤቱ ከተዘጋ፣ መስታወቱም ከላይ ከተከደነ፣ አራት አምስት ሰዓት ቢጠፋ የሚወርደው አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ትችለዋለች። የማትችለው የአየር ማጣትን ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ማጣሪያው ቆሞ ውሃው ከተኛ ዓሣዋም ባክቴሪያውም አብረው ይታፈናሉ። ስለዚህ ባትሪው የተገናኘው ከማሞቂያው ጋር ሳይሆን ከአየር መንፊያው ጋር ነው። አየር መንፊያ የሚበላው 10 ዋት ያህል ነው፤ አንድ ደህና የመኪና ባትሪ ከነኢንቨርተሩ ሌሊቱን ይይዘዋል። ቤት ያለን ሰዎች ሁላችን፣ ልጆቹም ሳይቀሩ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚነካው ማብሪያ የትኛው እንደሆነ እናውቃለን።

መስታወቱን የሠሩልኝ እዚሁ ከተማ ያሉ የአሉሚኒየምና የመስታወት ባለሙያዎች ናቸው። ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን የሚገጥሙት ሱቅ መስኮት ነው፤ አንድ ቶን የሚገፋው መስታወት አይደለም። ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። ሲሊኮኑ ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት የሌለበት ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤቱ ዓይነት መርዝ ያወጣል። ከላይ ዙሪያውን ማጠናከሪያ መስታወት ይለጠፍበት። ማስቀመጫውም ምድር ቤት፣ ኮንክሪት ወለል ላይ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለማስቀመጥ የጠየቀኝን ሰው «ወንድሜ፣ እታች ያለችውን እናት አስባት» ብዬዋለሁ።

አሸዋው ላይም አደራ። የአካባቢያችን ምድር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ከተማዋ ራሷ አሮጌ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው የተቀመጠችው። የግንባታ አሸዋችንን በጣት መሀል ስታሹት ይቧጥጣል። ፀሐይ ላይ ብታዩት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ስባሪ አለበት፤ ባልጩት ነው፣ ቢላዋ የሚወጣው ድንጋይ። ሆዷን መሬት ላይ ጎትታ የምትኖር እንስሳ በዚህ ላይ ብትተኛ ሆዷ ይቆስላል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። በጣም ደቃቅና ክብ አሸዋ ካላገኛችሁ ወለሉን ባዶ መተው ይሻላል። ማሞቂያውንም በቀዳዳ ቱቦ ሸፍኑት፤ ላዩ ላይ ተኝታ ስትቃጠል አይታወቃትም። መዳብ፣ ማለት ኮፐር ያለበት የዓሣ መድኃኒት ደግሞ ደጇ አይድረስ፤ ለሌላው ዓሣ የሚያድነው እሷን ይገድላል።

ስለ መርዟ ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ነው። ጅራቷ ላይ በሁለቱም ጠርዝ እንደ መጋዝ የተሳለ እሾህ አላት፣ ላዩን መርዝ ያለበት ሥጋ ይሸፍነዋል። እየተነቀለ በአዲስ ይተካል። ጠበኛ አይደለችም። አማዞን ዳር የሚነደፉት በአብዛኛው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሳያዩ የረገጧት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እጄን ሳስገባ ሁልጊዜ የት እንዳለች አውቄ ነው፤ ልጆች ያለእኔ ክዳኑን አይከፍቱም። ድንገት ቢወጋችሁ የተወጋውን ቦታ 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙት። መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያከሽፈዋል። የተወጋው እጅ ስሜቱ ስለሚዛባ ሙቀቱን በደህናው እጃችሁ ፈትኑ፣ እንዳትቃጠሉ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሐኪም ቤት ነው፤ የእሾሁ ስባሪ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልጋል። ካፌ ውስጥ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ክፍት ገንዳ ላስቀምጥ የሚለኝን ሰው ለዚህ ነው በጄ የማልለው።

ከየት መጣች የሚለውም ጥያቄ ነው። የእኔዋ በአዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ ነጋዴ በኩል ነው የመጣችው፤ በሰው እጅ የተወለደች ናት። ስቲንግሬይ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን ማህፀኗ ውስጥ በወተት መሰል ፈሳሽ መግባ፣ ወራት ይዛ፣ ራሳቸውን የቻሉ አድርጋ ትወልዳቸዋለች። የምትወልዳቸውም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከወንዝ የምትያዝ እያንዳንዷ ቶሎ አትተካም። ጥቁሯን በነጭ ነጠብጣብ፣ ሊዮፖልዲ የምትባለውን ብዙ ሰው ይመኛታል። እሷ የምትገኘው ብራዚል ውስጥ በሺንጉ ወንዝ ተፋሰስ ብቻ ነው፤ እዚያ ወንዝ ላይ ደግሞ ቤሎ ሞንቴ የተባለው ግዙፍ ግድብ ተሠርቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ፓናማ ላይ በተደረገው ጉባኤ እሷና ጥቂት ዘመዶቿ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስር ገብተዋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ወረቀት የሌላትን ሊዮፖልዲ «በርካሽ አለ» የሚላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ የተሰረቀ ወንዝ ነው።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ደግሞ ሐይቃችንን ነው። ሰው ይሰለቻል። ስትገዛ የመዳፍ ያህል የነበረች እንስሳ ሴት ከሆነች ገላዋ ብቻ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። መስታወቱ ይጠባል፣ የምግቡ ወጪ ይከብዳል። ያኔ «ከምትሞት ሐይቅ ልልቀቃት» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ደግነት ይመስላል። ወይ ባልለመደችው ውሃ ቀስ ብላ ትሞታለች፣ ወይ ትለምደዋለች። ሲንጋፖር ውስጥ ሰዎች የለቀቋቸው ሞቶሮዎች የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ውስጥ ተራብተው ተገኝተዋል። እኛ ደግሞ ከአማዞን የመጣ ጌጥ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። እምቦጭ አገሩ እዚያው ነው፤ ዓለምን የዞረው አበባው ስላማረ ነው። ቆቃን ወረረ፣ ከዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ታየ፣ የጣና ገበሬና ዓሣ አስጋሪ እስከ ዛሬ በእጁ እየነቀለ ነው። አሞራ ገደል ላይ ባዶ እግሩን ውሃ ውስጥ ቆሞ መረቡን የሚጎትተው ልጅ እግሩ ስር የጅራት እሾህ እንዲጠብቀው የሚፈልግ የሐዋሳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ለማን ነው የምትሆነው? አንድ ወጣት አለ። መጀመሪያ ሲመጣ «ጋሼ፣ ዋጋዋን ብቻ ንገረኝ» ነበር ያለኝ። ዋጋዋን ሳልነግረው የአሞኒያ መለኪያ ሰጠሁትና የግቢያቸውን ጉድጓድ ውሃ ለክቶ እንዲመጣ ላክሁት። ተመልሶ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። መጣ። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጽፎ፣ ከጉድጓዱም ከቧንቧውም ለይቶ። አሁን ባዶ መስታወት ሞልቶ ማጣሪያውን እያስኬደ ነው፤ መጀመሪያ የሚያስገባውም ቆሮሶ ጫጩት ነው፣ አካባቢያችን ውሃ የለመደ። ዓመት ሙሉ ሳይገድላቸው ካቆያቸው ስለ ሞቶሮ እናወራለን ብለን ተስማምተናል።

እንዲህ ዓይነት እንስሳ በደንብ ከተያዘች ከ15 ዓመት በላይ ትኖራለች። እኔ ከሐዋሳ ብለቅ ወይም ብታመም ማን እንደሚወስዳት ከአሁኑ ተነጋግረናል። ትልቋ ልጄ ወረቀት ላይ ጽፋ ማጣሪያው በር ላይ ለጥፋዋለች፤ የሚወስዳት ሰው ስልክ፣ የምትበላው፣ የውሃው ቁጥር፣ የባትሪው ቦታ። እናንተም ይህችን ወረቀት መጻፍ ካልቻላችሁ ገና ናችሁ።

መጻፍ የምትችሉ ግን ጠይቁኝ፣ የማውቀውን አልደብቅም። ስትጽፉልኝ የቧንቧችሁን ፒኤች፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣላችሁና መብራት ሲጠፋ ምን እንዳላችሁ አብራችሁ ንገሩኝ። ዋጋዋን ከዚያ በኋላ እነግራችኋለሁ።